የእሜቴ ሰኞ ብስክሌት

ሴት ሠራተኛ ባለችበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንዲት እሜቴ ሰኞ አትጠፋም። ይህችኛዋ መዝገብ ቤት ውላ ፋይል ታወጣለች፣ ፋይል ትመልሳለች። ስሙን ያወጣችላት ከጎኗ የምትቀመጠው ጸሐፊ ናት፤ ሴትዮዋ ድፍን ሁለት ዓመት «ከሰኞ ጀምሮ ጂም እገባለሁ» ስትል ኖራለችና።

ሰኞ ይመጣል፣ ሰኞ ይሄዳል፤ ሰበብ ሞልቶ። አንዱን ሰኞ ቱታው ጠበበ። ሌላውን ሰኞ ቱታው ሰፋ፤ «በዚህ ገብቼ የቀጫጭኖቹ መሳቂያ ልሁን?» አንዱን ደግሞ፣ «መጀመሪያ ትንሽ ልቅጠንና እገባለሁ» አለች። ይቺን ስትሰማ ጸሐፊዋን ውሃ ትን አላት።

አንድ ሰኞ ግን ክብርት እሜቴ ገቡ! ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ቦርሳዋን አንጠልጥላ ውልቅ። ስድስት ወር ሞላ፤ ወገቧ ግን ንቅንቅ አላለም። ባሏም፣ «ለውጥ ለሌለው ነገር! ይቅርብሽና በጊዜ ግቢ» ይላት ጀመር።

«ካስተወኝ አለቀልኝ» አለች ለጸሐፊዋ፣ ፊቷ ጥቁር ብሎ።

«አይ እቴ! ስፖርቱ እንደሆነ ገና አልነካሽም» ብላ ጸሐፊዋ ሳቀችባት። ነገሩ ግን ከነከናትና በሚቀጥለው ቀን ጂም ድረስ ተከትላት ገባች።

እሜቴ መስኮቱ ሥር፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ፊጥ ብላለች። እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው፤ ፔዳሉ አይዞርም። ዓይኗን ጨፍና ታንጎራጉራለች፦

ሲጠሩኝ ስባክን፣ ሲልኩኝ ስመለስ፣
መቼ ይሆን ቀኑ ለራሴ የምደርስ?

«እናቴ፣ ካልነዱት ለሌላ ሰው ይልቀቁ እንጂ» አለ አሠልጣኙ።

«እናትህን ቤትህ ፈልግ! ዳገት ላይ ነኝ።»

ጸሐፊዋ ሳቋን አፍና ተጠጋች። «አንቺ ጉደኛ! ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ነው የምትሮጪው?»

«ዝም በይ እባክሽ። እዚህ ስልክ በር ላይ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ‹ፋይሉ የታል?› የለ፣ ‹እማዬ ካልሲዬ› የለ፣ ‹ራቱስ?› የለ። ይቺን አንድ ሰዓት ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?»

ጸሐፊዋ ለነገ ቢሮ ያዘጋጀችውን ቀልድ ትታ ከጎኗ ያለው ብስክሌት ላይ ወጣች። የራሷም ስልክ በር ላይ ተቆልፏል፤ ለካ ዝምታ እንዲህ ይጥማል።

በማግስቱ ባልየው ቢሮ ደወለ። «ዛሬም ልትሄድ ነው? ለውጥ እንደሁ የለም!»

«ለውጥ የለም ይላሉ?» አለች ስልኩን ያነሳችው ጸሐፊ። «ወንድሜ፣ ባትሄድማ ኖሮ ይሄኔ በበርዎ አትገባልዎትም ነበር!»

ከሰኞ ጀምሮ፣ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጡት የስፖርት ቦርሳዎች ሁለት ሆኑ።