ከበሩ ሥር የሚታየው ጥላ

የመምህርን በር የሚያንኳኳ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ደጁን ተሳልሞ የሚመለሰው ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ጅማ ውስጥ ስለ ቡና ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። እነዚህን ተሳላሚዎች ከበሩ ሥር በሚታየው የጫማቸው ጥላ አውቃቸዋለሁ። ጥላው ይመጣል፤ ይቆማል፤ ትንሽ ያስባል፤ ይሄዳል። ድንገት ብከፍት ይበረግጋል፤ ስለዚህ ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ።

የእነዚህ ተሳላሚዎች ማኅበር ሊቀመንበር ክብርት ሩፈይዳ ነበረች፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ዘጠኝ ቀን ተመላለሰች። ከጓደኛዋ ከአፊፋ ጋር የምታንሾካሹከው ሁሉ በበሩ ስንጥቅ ይገባል።

«ዛሬ ስልክ እያወሩ ነው።»

በማግስቱ፦ «ዛሬ ዝም ብለዋል፤ ዝምታቸው አላማረኝም። ነገ፣ ኢንሻአላህ።»

«አንቺ፣ ሰውዬው አይበሉሽም እኮ» ትላታለች አፊፋ።

«ከበሉኝስ?»

በአሥረኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሩፈይዳ የለችም፤ ኮፍያ ያደረጉ ሁለት አዛውንት ቆመዋል። አባቷ ኦቦ ቲጃኒና ጎረቤታቸው ሀጂ ሀምዳን ከአጋሮ ወዲያ ካለች መንደር መጥተው ነው። «አካም ጅርቱ፣ ዶክተር» ብለው ሰላምታ ሰጡኝ። ወንበር ሳቀርብላቸው ሀጂ እጃቸውን አነሡ።

«ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም። ልጃችን ወደ እርስዎ ቤት ዓይኗን ጥላለች።»

ሽማግሌ የሚልከው የወንድ ወገን አልነበረም እንዴ? «ሀጂ፣ ያለኝ ወንድ ልጅ ገና አራተኛ ክፍል ነው» አልኳቸው።

«አስተግፊሩላህ። ልጅዎን ማን ጠየቀ? እርስዎ ዘንድ ምርምር መሥራት አምሯታል። ዋንዛው ሥር ያለው ቡናችን ከሌላው ሁለት ቀን ዘግይቶ ያብባል። ለምን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ዝናቡ ደግሞ ቅዳሜ ጥሏል።»

ይህን ላስረዳ፤ ማስረዳት ደስ ይለኛል። የቡና እንቡጥ በጋውን ተኝቶ ይከርማል። የመጀመሪያው ዝናብ ይቀሰቅሰዋል። ከሳምንት በኋላ ማሳው እንዳለ ይነጣል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ያመለጠው ለከርሞ ይጠብቃል። ሩፈይዳ ግን በሰኔ ትመረቃለች፤ ከርሞ የላትም።

«ፈቅጃለሁ፤ ይቀመጡ» አልኩ። ተቀመጡ። ከኮሪደሩ ጥግ በመጀመሪያ ጥላው፣ ቀጥሎ የጥላው ባለቤት ብቅ አሉ።

እሑድ ማለዳ ማሳቸው ደረስኩ። ጉሙ አልተነሣም። ቡናው ነጭ ለብሷል፤ ሽታው ሰውን እንደቆመ ያስተኛል፤ የንቦቹ ድምፅ ከሌላ ሰው ሕልም የሚመጣ ይመስላል። ዋንዛው ሥር ያሉት ብቻ እንቡጣቸውን ጨብጠው፣ ምን እንደሚጠብቁ ሳይናገሩ ቆመዋል። ሩፈይዳ በየቅርንጫፉ ቀይ ክር ታስራለች።

እኔም ለኦቦ ቲጃኒ ጥያቄ ነበረኝ፤ ዋንዛውን ማን፣ መቼ ተከለው? ቀላል ነው። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ከዚህ ቡና ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዝም ብለው ቅጠል ያገላብጣሉ። ዝምታቸው አላማረኝም። ዛፉን አንድ ጊዜ ዞርኩ። ደግሜ ዞርኩ። ነገ ይሻላል አልኩ በልቤ።

ሩፈይዳ ክሩን እንደያዘች ቀና አለች።

«ዶክተር» አለች ቀስ ብላ፣ «አባዬ አይበላዎትም እኮ።»

«ከበሉኝስ?»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስሰማት እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።