የአስር አለቃ አሳምነው የቅቤ ዘመቻ

ዘውድ ወርዶ ቀበሌ በነገሠ በስድስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ዓይነ ንስር፣ ልበ ሙሉ፣ ጉሮሯቸው ግን ሁልጊዜ ደረቅ የሆነው የአሰላው ፖሊስ አስር አለቃ አሳምነው ለዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም ነገር እንዲህ ነው። ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ የውብዳር ለለቅሶ ሁሩታ ወርደው ሳለ፣ ሌባ በመስኮት ገብቶ ሬዲዮናቸውንና ጋቢያቸውን ወሰደ፤ ሲወጣም እጁ አላርፍ ብሎት በጣሳ ያለውን ቅቤ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ቀምሶ ሄደ። ያሰላ ብርድም ያንን አሻራ እንደ ንጉሥ ማኅተም አጽንቶ ጠበቀው።

የአብዮት ጥበቃው ሀብተ ማርያም ግን ጋሪ ነጂውን ሁሴኖን አስሮ አወጀ፦ «ጓዶች! እኔ ከደጅ ቆሜ፣ ቤቱን ሳልረግጥ፣ ሌባውን ከሽታው አወቅሁት! ፈረስ ፈረስ ይላል!»

ሁሴኖም ከእስር ቤት መስኮት አወጀ፦ «ያሰላ ሰው ሆይ! እኔ ብሆን ቅቤውን ቀምሼ የምተወው መስሏችኋል? ዋላሂ፣ ጣሳውንም አታገኙትም ነበር!»

ለሁሴኖ ከቅቤው በቀር ምስክር አልነበረውምና፣ አሻራ የሚያነብበውም ሊቅ አዲስ አበባ ነበርና፣ አስር አለቃ የሁሴኖን አውራ ጣት፣ ስለ ሽታ ብዙ የሚያውቀውን የሀብተ ማርያምንም ጨምረው፣ በቀለም ነክረው በወረቀት አትመው፣ ቅቤውን በኮባ ሸፍነው፣ አዲስ አበባ ለመድረስ በአውቶቡስ ወደ ቆላ ወረዱ። አብረዋቸውም የዘመቱት እኒህ ናቸው፦ በነጠላዋ ጫፍ የምታራግበው ሲስተር ፋናዬ፣ ስለ ሙቀት ጠባይ ያለማቋረጥ የሚያስረዱት መምህር ግዛቸው፣ መስኮት ከፋቹ ረዳት፣ ደግሞም ሁለት ዶሮ የታቀፉ አንዲት ያርቦዬ ሴት።

ኢተያን በሰላም አለፉ፤ ዴራ ላይ ቅቤው አላበው፤ ናዝሬት ሲገቡ የማኅተሙ ጠርዝ ይለሰልስ ጀመር፤ የሁሴኖም ዕድሜ አብሮ ይቀልጥ ነበር። በዚያን ጊዜ አስር አለቃ በአንድ ሆቴል ደጅ ቆመው አወጁ፦ «ስማ አሳላፊ! ፍሪጅ ውስጥ ያለ ቢራ በሙሉ ለፍትሕ ሲባል ይውጣ! ሙቁን እንዳታመጣብኝ!»

ጠርሙሶቹንም በቅቤው ዙሪያ እንደ ክብር ዘበኛ አቆሙ። የሞቀ ዘበኛ ቅቤ ይጎዳልና፣ ሞጆ ላይ በቀዝቃዛ ተክተው የሞቁትን ጠጡ፤ ደብረ ዘይት ላይ ተክተው ጠጡ፤ ቃሊቲ ላይ ከመምህሩ ጋር ተቃቅፈው ጠጡ። ከሊቁ ቢሮ ሲደርሱም እግራቸው ጸንቶ ባይቆም ቅቤው ጸንቶ ቆመ።

ሊቁ በማጉያ መነጽር አይቶ መሰከረ፤ አውራ ጣቱ ቤቱን ያልረገጠው የሀብተ ማርያም ሆነ፤ ሬዲዮውም ከአልጋው ሥር ተገኘ። በችሎቱ ቀን ግን ወይዘሮ የውብዳር ብድግ ብለው አወጁ፦ «ጓድ ዳኛ! ይህ ሰው ከመታሰሩ በፊት ቅቤዬ ድንች ያልተቀላቀለበት መሆኑን ለሕዝብ ይናገርልኝ! ቀምሶ ለምን ተወው?»

ሀብተ ማርያምም ቅቤው ንጹሕ መሆኑን መሰከረ፤ በዚያ ችሎት እውነት የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ወደ እስር ቤት ገባ፤ ሁሴኖ ወጣ፤ ወጥቶም አስር አለቃን በጋሪው ጭኖ፣ ጅራፉን እያጮኸ ከተማውን አዞራቸው።

ክብር ለአስር አለቃ አሳምነው! ሌሎች ጀግኖች ቆላ ወርደው ደማቸውን አፈሰሱ፤ እርሳቸው ግን ቅቤም ሆነ ቢራ አንዲት ጠብታ ሳያፈስሱ ደጋቸው ተመልሰዋልና።