ባለ ደመናው ጋሽ ይርዳው

የኔ ነው የማይል ሰው የለም፤ ደመናን የኔ ነው የሚል ግን በየከተማው አንድ አይጠፋም። የጅቡቲው ጋሽ ይርዳው ናቸው። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ፎቶ ቤት ከከፈቱ ወዲህ፣ በከተማው ያለ ምስል ሁሉ ከእሳቸው ካሜራ የወጣ ይመስላቸዋል። ካፌ ግድግዳ ላይ ጀልባ ተስሎ ካዩ ማኪያቷቸውን ትተው ይነሳሉ፤ "ይቺ ጀልባ የኔ ናት!" የልደት ኬክ ላይ የተሳለች ወፍ እንኳ አላመለጠቻቸውም። ሰዉም "ክቡር የሰማይ ባለርስት" ብሎ ሰይሟቸዋል።

ወጣቷ ሠዓሊ ሔርሜላም ከሚስቁባቸው አንዷ ነበረች፤ ሄሮን ሰፈር የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኗን እስከከፈተችበት ቀን ድረስ።

ጋሽ ይርዳው ገና ከበሩ ሲገቡ ትልቁን ሥዕል አዩ። ጀርባውን የሰጠ ዓሣ አጥማጅ፣ ከፊቱ ብርቱካን የመሰለ ባሕር።

"ይሄ ሰውዬ የኔ ነው!"

ሔርሜላ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን አሳዩዋት። ክው አለች። ያው ትከሻ፣ ያው መረብ፣ ያው የተቀደደ ሸሚዝ። ከፌስቡክ አውርዳ፣ የማን ነው ሳትል የሣለችው ፎቶ! ጋሽ ይርዳው ለካ ዛሬስ እውነታቸውን ነው።

"ባሕሩን እኮ ቀይሬዋለሁ... ጀልባውንም አውጥቼዋለሁ..." አለች፤ ድምጿ ራሷንም አላሳመናት።

"ባሕሩ የራስሽ ነው። እንዲህ ያለ ባሕር በሕልሜም አላነሳሁም። ሰውዬውስ? ፀሐይ እየጠበሰኝ፣ ተንበርክኬ የጠበቅሁት ሰውዬስ?"

ሔርሜላ ልታወርደው ሥዕሉን ያዘች፤ ከዚያ ዞር አለች።

"ጋሽ ይርዳው፣ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ልጠይቅዎት። ስምዎን ከስሜ ጎን ልጻፍና ይሰቀል? ካልፈቀዱ አወርደዋለሁ።"

ይጮሃሉ ብላ ነበር የጠበቀችው። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ስንቱን ስጨቀጭቅ ኖርኩ" አሉ። "ፈቃድ የጠየቀኝ ሰው ግን አንድም የለም። ምን ተብሎ እንደሚመለስም አላውቅ።"

"እሺ ይበሉኛ።"

"እሺ።"

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! የሚገባውን እንግዳ ሁሉ እጁን ይዘው ወደ ሥዕሉ ይጎትቱ ጀመር። "ባሕሩን እዩልኝ! የልጅቷ ነው!" ሔርሜላ አፏን ይዛ ታያቸዋለች። አንድ ፈረንሳዊ ሥዕሉን ሊያነሳ ስልኩን ሲያወጣ ግን ጋሽ ይርዳው ዘለው መሃል ገቡ።

"ሙሴ! መጀመሪያ ልጅቷን ይጠይቋት!"