የባሕር አየር ያወፍራል

ሕፃን ልጅ ትክ ብሎ ሲያየኝ መጀመሪያ የማደርገው ቦርሳዬን መዳሰስ ነው። አትሳቅ። ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ የልጅ ልጅም አይቻለሁ፣ የምናገረውን አውቃለሁ። በቀደም ዕለት የልጄ ልጅ መጣችና ጉንጬን ስማ «አያቴ፣ ዛሬ እንዴት አምሮብሻል» አለችኝ። ሌላ አያት ብትሆን እንባዋ ይመጣ ነበር። እኔ ቀጥ ብዬ ጓዳ ገባሁ። የስኳሩ ቆርቆሮ ክዳኑ ወልቋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

አንተ ማለቴ ከከበደህ ደግሞ የድሬ ልጅ መሆኔን ቁጠርልኝ። እኛ ከተማ ብዙ ነገር በባቡር መጥቷል፤ አንቱታ ግን ከባቡሩ ሳይወርድ አልፏል።

ይህን ሁሉ ጥርጣሬ ከየት አመጣሽው ብትለኝ፣ ከግጥም ነው። እውነቴን ነው። በጃንሆይ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መምህር መላኩ የሚባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረን። ከደጋ የመጣ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣ፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ቀጭን ሰው። እኛ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ስለነበር ቀን ክፍል ውስጥ፣ ማታ ደግሞ በረንዳ ላይ ሲያስተምር እሰማው ነበር። የሚያስተምረው የድሮ ፈረንጅ ገጣሚዎች ሕፃንን እንዴት እንዳመለኩት ነው። ሰው ሲወለድ ንጹሕ ነው ይላል። ከፈጣሪ ዘንድ ይዞት የመጣው ብርሃን ገና ዐይኑ ላይ አለ። ከዚያ ማኅበረሰብ የሚባለው ይመጣና ውሸት ያስተምረዋል፣ ስስት ያስተምረዋል፣ ብርሃኑን ያጠፋበታል። «ማኅበረሰብ» ባለ ቁጥር በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እኛም ዞር ብለን እናያለን። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀን አንድ ክፉ ሰውዬ መስሎን።

ክፍሉን የሞላነው እነማን ነን? የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ። እጄን አወጣሁና በስንት ዓመቱ ነው የሚበላሸው ብዬ ጠየቅሁት። ቀኑ አይታወቅም፣ ቀስ በቀስ ነው አለኝ። ቀኑ የማይታወቅ ነገር ደግሞ አልወድም። ጠረጠርኩ።

የንጽሕና ምሳሌ ሲያስፈልገው የሚጠራት አሚናን ነበር። አሚና የጎረቤታችን የኤዶ ሐሊማ የልጅ ልጅ ናት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ይላታል። አሚና ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ዐይኖቿ ትላልቅ፣ ቅልጥሟ እንደ ፍየል ግልገል የቀጠነ። የኔን የትምህርት መጽሐፍ ትወስድና ገልብጣ ይዛ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ «ታነባለች»። መምህር መላኩ ይህን ሲያይ ዐይኑ እንባ ያቀራል። እሷም ታውቃለች። እሱ ካለ ታነባለች፣ እሱ ከሌለ መጽሐፉን ታስቀምጣለች። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን አንድ የሰፈራችንን ነገር ልንገርህ። ኤዶ ሐሊማ ጅቡቲ እየተመላለሰች ጨርቅ ታመጣለች። ጣቢያው ላይ ፊናንስ የምንላቸው የጉምሩክ ጠባቂዎች ሻንጣ ይፈታሉ፣ ፍራሽ ይወጋሉ። ሕፃን ግን አይፈትሹም። ስለዚህ የድሬ ልጆች ወደ ጅቡቲ ቀጥነው ይሄዳሉ፣ ወፍረው ይመለሳሉ። ቀሚስ በቀሚስ ላይ፣ ከሥሩ ሆድ ላይ የተጠመጠመ ሽቲ የምንለው ስስ ጨርቅ፣ ከዚያ በታች ሐር። በማግስቱ ልጁ እንደገና ቀጭን ነው። ይህን የማያውቅ በከተማው ውስጥ መምህር መላኩ ብቻ ነበር። አሚና ከጅቡቲ በገባች ማታ አይቷት፣ የባሕሩ አየር እንዴት ተስማምቷታል አላት እናቴን። እናቴ አዎ፣ ያወፍራል አለችው። በማግስቱ መንምና ሲያገኛት ደነገጠ። የድሬ ውሃ ነው የሚያመነምናት ብሎ ወተት ገዝቶ ላከላት። ኤዶ ሐሊማ ወተቱን ተቀብላ መረቀችው።

ስለ ውፍረት ካነሳን አይቀር፣ አንዲት ጎረቤታችን ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ነፍሰ ጡር የነበረች። ፊናንሶቹ በመጣች ቁጥር ማርያም ትቅረብሽ እያሉ ያሳልፏታል። በመጨረሻ ከምር አረገዘች። ያን ጊዜ ተጠራጠሩና ሴት ፈታሽ ጠርተው አስመረመሯት። እኛ ዘንድ እውነት እንዲህ ነው የሚዋረደው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በዚያ ዓመት ኤዶ ሐሊማ ክፉ ገጥሟት ነበር። ያመጣችው ጨርቅ በሙሉ ተወርሶባታል። እናቴ ፊት ቁጭ ብላ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ፣ ከተሳካ ሱቄንም አድናለሁ አሚናንም ትምህርት ቤት አስገባለሁ፤ ካልተሳካ ልጅቷን ገጠር፣ ጀልዴሳ ዘመዶቼ ጋ ፍየል እንድትጠብቅ እልካታለሁ አለች። አሚና በሩ ጥግ ቆማ ታዳምጣለች። አላለቀሰችም። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም ጥርጣሬ አዘንኩላት።

ለፋሲካ ዕረፍት እኔ ከአክስቴ ጋር ጅቡቲ ያለውን አጎቴን ጠይቄ ስመለስ፣ ያው ባቡር ላይ ኤዶ ሐሊማና አሚና አሉ። መምህር መላኩም አለ። ግጥሞቹ ውስጥ ባሕር ስለሚበዛ፣ ባሕር ሳላይ አላስተምርም ብሎ ፈቃድ አውጥቶ ሄዶ ነበር። ማን ያውራ የነበረ፤ ሁሉንም በዐይኔ አይቻለሁ።

አሚና እንዲያ ወፍራ አታውቅም። ክንዷን ከጎኗ ማስጠጋት አቅቷት እንደ ዳክዬ ነው የምትራመደው። ኤዶ ሐሊማ ከኔና ከአክስቴ አጠገብ ልታስቀምጣት ስትል፣ አሚና እጇን አስለቅቃ ሄደችና መምህር መላኩ ጎን ጉብ አለች። የኤዶ ሐሊማ ፊት አመድ መሰለ። ባቡሩ አይሻ ሲደርስ ውጪው እሳት ነው፣ ውስጡ እሳት ነው፤ ልጅቷ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። መምህሩ ደንግጦ ትኩሳት ይዟታል፣ ልብሷን እናቅልላት ብሎ ወደ ቁልፎቿ እጁን ሰደደ። ኤዶ ሐሊማ በሐረር ቅዱሳን ሁሉ ለመነችው። ወባ ናት፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ከተገለጠች ትሞትብኛለች አለችው። አሚና ወዲያው ተንቀጠቀጠች። እንዴት ያለ መንቀጥቀጥ! መምህሩ ኮቱን አውልቆ ከላይ ደረበላት። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ።

ድሬ ስንደርስ ልጅቷን አቅፎ ወረደ። ክብደቷን እንዴት አልጠረጠረም? ያመነ ሰው እጁም ያምናል መሰለኝ። በሩ ላይ የፊናንሱ አለቃ ቆሟል፤ ጺሙን ያሳደገ፣ ቀደም ሲል የኤዶ ሐሊማን ጨርቅ የወረሰው ራሱ። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አያት። ትውረድና ትራመድ አለ። ኤዶ ሐሊማ ከኋላዬ ሆና ነጠላዬን ያዘች።

መምህር መላኩ ቀጥ አለ። ያን ድምፁን ክፍል ውስጥ እንኳ ሰምቼው አላውቅም።

«ይቺን ልጅ እግዚአብሔር ገና አሁን ነው የላካት። እሷን የሚጠረጥር፣ መጀመሪያ ራሱን ይጠርጥር።»

አለቃው ይምሉልኛል ወይ አለው። አንድ እጁን አንስቶ በመምህርነቴ ብሎ ማለ። ሰውዬው ባርኔጣውን አነሳ፣ የሕፃንን ነገር እሱም የልጆች አባት ስለሆነ እንደሚያውቅ ተናገረ፣ መንገዱን ለቀቀ። ኤዶ ሐሊማ ባዶ ዘንቢሏን አስፈትሻ በኩራት ወጣች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን መምህሩ ጋሪ ጠራና ወደ ሐኪም ቤት ንዳ አለ። አስበው፤ ሐኪም መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ልብስ ማስወለቅ አይደል? ኤዶ ሐሊማ ከኋላ እየሮጠች ወደ እኔ በእጇ ስትጠቁም፣ እኔም ዘልዬ ጋሪው ላይ ወጣሁ። ምን ብዬ እንደማስቆመው ግን አላውቅም ነበር። የከዚራ ሰፈርን ዛፎች አልፈን ትንሽ እንደሄድን አሚና መንቀጥቀጧን ተወች።

«አቦ፣ ሐኪም ቤት አልሄድም» አለች። «ወባ የለብኝም።»

ቁልፏን ፈታች። አንድ ቀሚስ፣ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። ከዚያ ሽቲው፣ ከዚያ ሐሩ። በመጨረሻ ያቺ የምናውቃት ቀጭን ልጅ ከመሀል ብቅ አለች። መምህሩ ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ፣ የማለበትን እጁን አየ። ከዚያ ሲያስተምር እንደሚያደርገው ወደ ውጭ አየ፤ ያንን ማኅበረሰብ የሚባለውን ሰውዬ እየፈለገ ይመስለኛል።

ይህን ያደረገብሽ ማነው አላት። አያትሽ ናት?

«አያቴማ አንተን ፈርታ ነበር» አለች አሚና። «እኔ ነኝ የመረጥኩህ። አንተ መዋሸት ስለማታውቅ ያምኑሃል።»

አሳዘነኝ። እውነት ነው የምልህ፤ ሰው ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ሐዘን ዳግመኛ አላየሁም። ባለጋሪውን ወደ ጣቢያው መልሰው አለው። በሐሰት ምያለሁ፣ እውነቱን መናገር አለብኝ አለ። ፈረሱ ዞረ። አሚና ግን ጨርቁን መልሳ እየጠመጠመች፣ ሳታለቅስ፣ ከተያዘ ትምህርት ቤት እንደማትገባና ጀልዴሳ ፍየል ልትጠብቅ እንደምትሄድ ነገረችው። ቀጥላም ፍየል ማንበብ አትችልም አለችው።

ጋሪው ጥቂት ሄደ። መምህር መላኩ ሸሚዙን አንገቱ ላይ ፈታ። ከመጣ ጀምሮ ሲፈታው ያየሁት ያን ቀን ነው። «ወደ ቤት ንዳው» አለ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። አሚና ያቦካችው ግን ለኤዶ ሐሊማ ሱቅም ለትምህርት ቤቱም በቃ። ሲመዘግቧት ይዟት የሄደው መምህር መላኩ ራሱ ነው። ከፋሲካው ዕረፍት በኋላ ትምህርት ሲከፈት እንደገና ወደ ሕፃንና ማኅበረሰብ መጣን። እኔም እንደገና እጄን አወጣሁ፦ በስንት ዓመቱ ነው የሚበላሸው? በዚህ ጊዜ በመስኮት አላየም። ጠመኔውን አስቀመጠ።

«በሃያ ስድስት» አለ።

ክፍሉ ግራ ገባው። እኔ ዕድሜውን አውቅ ነበር።

ፈረንጆቹ ሕፃንን ማኅበረሰብ ያበላሸዋል ብለው ይህን ያህል ወረቀት ሲጨርሱ፣ አንዳቸው እንኳ ነገሩን ገልብጠው አለማየታቸው ይገርመኛል። ምናልባት ድሬን አላዩም።

ክረምት ላይ መምህር መላኩ ለሁለተኛ ጊዜ ባሕር ሊያይ ሄደ። ለአሚና የደንብ ልብስ የሚሆን ጨርቅም ላመጣ ነው ብሎን ነበር። ጣቢያ ልንቀበለው ወጣን፣ እኔም ኤዶ ሐሊማም አሚናም። ከባቡሩ የወረደው ሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ክንዱ ከጎኑ አይጠጋም። አገጩ ላይ ላብ ይንጠባጠባል። የአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የደንብ ልብስ ያን ያህል ጨርቅ አይፈጅም። አሚና ከላይ እስከ ታች መረመረችውና ራሷን በእርካታ ነቀነቀች።

ያው ጺማም አለቃ በሩ ላይ ቆሟል። መምህር፣ ወፍረዋል አለው። የባሕሩ አየር ተስማማኝ አለ መምህር መላኩ፣ ዐይኑን ሳያሽ። ወጣቱ ፊናንስ ሊዳስሰው እጁን ሲዘረጋ አለቃው እጁን መታበት።

«ተው አንተ፣ እሳቸውን ነው የምትፈትሽ? እንደ ሕፃን ልጅ ያሉ ሰው ናቸው። ይለፉ፣ መምህር።»