ባለ አንድ ዓይኑ ሰውዬ

ማንበብ የሚችለው ፊደል የቆጠረ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይቅር ይበላቸው። እኔ ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ጥዬው ነው ያደግሁት፤ ግን የዘጌን ገዳማት፣ ያው ሴት የሚያስገቡትን፣ የግድግዳቸውን ሥዕል ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያችኋል፤ ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይተርፈዋል። አለቀ። ለዚህ መምህር ምን ያደርጋል?

የእህቴ ልጅ ሰብለ ግን መምህር ናት። እዚሁ ፔዳ ሰፈር፣ እኔ ቤት እየኖረች፣ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ዘንድሮ ታሪኩ ሁሉ በሥዕል የሆነ፣ ቃሉ ከሰዎቹ አፍ እንደ ፊኛ የሚወጣ መጽሐፍ ለክፍሏ አመጣች። ርዕሰ መምህሩ የሕፃን መጫወቻ ነው ብለው አኮረፉ። ዓርብ ገብተው ያያሉ፤ ተማሪዎቹ እንግሊዝኛ ካልተናገሩ መጻሕፍቱ ታስረው ወደ መጋዘን። ተማሪዎቹ ደግሞ አፋቸውን የሚከፍቱት ለማዛጋት ነው። ልጄ እህል አልወርድላት አለ።

ሐሙስ ከሰዓት መጽሐፉን ነጠቅኋትና ገለጥሁት። የሆነ ሰው ጀልባ ተሰርቆ ሰፈሩ ይታመሳል። ወዲያው ገባኝ።

«ሌባው ይኼ ነው» አልሁ፣ ባርኔጣ የደፋውን ሰውዬ በጣቴ ወግቼ።

«አክስቴ፣ እሱ እኮ ፖሊሱ ነው።»

«ታዲያ ሌላው ዓይኑ የት አለ?»

ሰብለ ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ደብተሯን ሳበች።

በማግሥቱ የየመጽሐፉን መጨረሻ ገጽ በስቴፕለር ዘግታ፣ የአክስቷን ፍርድ ለተማሪዎቹ ነገረቻቸው፤ መከራከር የፈለገ በእንግሊዝኛ ብቻ። ግማሹ ከእኔ ጋር ወገነ፣ ግማሹ ለፖሊሱ ጥብቅና ቆመ። ዝምታ ሊታዘቡ የመጡትን ርዕሰ መምህር የቅዳሜ ገበያ ጫጫታ ጠበቃቸው። እንግሊዝኛው መሰባበሩን ተሰባብሯል፤ ቢሆንም እንግሊዝኛ ነው። ይባስ ብሎ እሳቸውም ከኋላ ወንበር ተነሥተው ለፖሊሱ ተሟገቱ አሉ፣ በእንግሊዝኛ። መጻሕፍቱ ከክፍሉ አልወጡም።

ሌባዋማ፣ ጉዴን ስሙ፣ በየገጹ ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ የምትስቅ፣ ክብ ፊት ያላት፣ ወሬ የምትወድ አክስት ሆና ተገኘች። ሰብለ ይህን ስትነግረኝ እኔን እያየች ለምን እንደምትስቅ አልገባኝም።

እሑድ ርዕሰ መምህሩ ሊያመሰግኑኝ መጡ። በሩን ስከፍት ከባጃጁ ሾፌር ጋር እያወጉ ቆመዋል። በጎን።

«ይግቡ ጌታዬ» አልኋቸው፣ «ብቻ መጀመሪያ ፊትዎን ወደ እኔ ያዙሩልኝ።»

ሁለቱንም ዓይን ቆጥሬ አስገባኋቸው።