የሊቁ ጠረጴዛና ወይዘሮ አይነካም

ዕቃ ከቦታው ሲነቃነቅ ነፍሱ አብራ የምትነቃነቅ ሰው የማይገኝበት ሰፈር የለም። እንግዳው ከመቀመጡ በፊት ትራሱን ያስተካክላል፤ እንግዳው ሲነሣም ያስተካክላል። የዚህ ወገን ሊቀ መንበርና ጠቅላይ አዛዥ ግን ክብርት ወይዘሮ አይነካም ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ጎብኚዎች ናቸው።

ወይዘሮ አይነካም የሊቁን ቤት ሠላሳ ዓመት አጽድተዋል። ሊቁ አርፈው ቤቱ መታሰቢያ ሲሆንም ቁልፉ ከእጃቸው አልወጣም። ጎብኚ ወደ መጻሕፍቱ እጁን ሲዘረጋ «አይነካም»፤ ጃንጥላውን ወንበር ላይ ሲያስደግፍ «አይነካም»። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጋረጃውን አፍጥጠው ቢያዩት እንኳ «በዓይንም ቢሆን ቀስ ይበሉ» ብለዋቸዋል አሉ።

በሊቁ ዘመንም ያው ነበሩ። ሊቁ ወረቀት ይበትናሉ፣ እሳቸው ይሰበስባሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ የንፋስ መንገድ?»

ሊቁ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ፣ «አንቺ ስታስተካክይው እኮ ነው የሚጠፋብኝ» ይላሉ።

ሠላሳ ዓመት በዚህ ተጨቃጨቁ። ሊቁ ሲያርፉ ያሸነፉት ወይዘሮ አይነካም ናቸው፤ ጠረጴዛው ፊት እስኪያሳይ ድረስ ጸዳ። የሚጨቃጨቃቸው ሰው ግን አልነበረም፤ ድሉም አላስደሰታቸውም።

አንድ ማክሰኞ የመታሰቢያው ኃላፊ፣ ገና ልጅ እግር ሰው፣ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። ሊቁ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወረቀቱ እስከ አገጫቸው ደርሷል።

«እትዬ፣ ክፍሉ ይሄ ነው። ያሁኑ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ነው የሚመስለው። ነገ ሠራተኞች አምጥቼ ወረቀቱን እንደ ፎቶው አስበትነዋለሁ።»

ወይዘሮ አይነካም የሚያብረቀርቀውን ጠረጴዛ ዞረው አዩት። የሠላሳ ዓመት ልፋታቸው መፍረሱ ሳያንስ፣ ጋሼን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ወረቀታቸውን እንደ ገለባ ሊበትነው ነው።

«የማያውቅ ሰው ምኑን ይበትነዋል ልጄ?» አሉና በሩን ከውስጥ ቆለፉ።

ከሰዓት በኋላ ሲከፍቱ ኃላፊው አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ክፍሉን እያየ ቆመ። ወረቀቱ ሁሉ በየቦታው ነው። መነጽሩ መዝገበ ቃላቱ ሥር፣ እርሳሱ አበባ ማስቀመጫው ውስጥ፣ አንድ የግራ እግር ካልሲ ደግሞ እንደ ገጽ ምልክት መጽሐፍ መሃል ገብቷል። ያንን ዝርክርክ ሠላሳ ዓመት ሲያነሡት ከኖሩት ሴት በላይ የሚያውቀው የለም።

«ካልሲው ፎቶው ላይ የለም እኮ።»

«ፎቶ አንሺው ሲመጣ ደብቄው ነው» አሉና ካልሲውን ዳበስ አደረጉት። ጋሼ ናፍቀዋቸው ነበር።

ቅዳሜ ጎብኚዎች ገቡ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት፣ ያው ከዚያው ከአስተካካዮች ወገን መሆኗ ነው፣ መሬት ላይ የወደቀ ወረቀት አየችና አላስችል ብሏት ልታነሣ ጎንበስ አለች።

«አይነካም» አሉ ወይዘሮ አይነካም፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተይው ልጄ። ስናስተካክልላቸው እኮ ነው የሚጠፋባቸው።»