በሙሉ ድምፅ የተሰረዘው ውርጭ

ሥራ ያለው ሥራውን ይዞ፣ ሥራ የሌለው ጆሮውን ይዞ ይቅረብ። ነገሩ የድሮ ነው፤ እንስሳት ከሰው ስብሰባ የተማሩ ሰሞን።

ደጋ ላይ አንድ ጫካ ነበር። በጫካው ልማድ ኅዳር ሲጋመስ ጉባኤ ይቀመጣሉ፤ ቁራ ከላይ ዞሮ ያየውን የአየር ነገር ይናገራል። ውርጭ አለ ከተባለ ሁሉም ልጁን ይዞ በአንድነት ቆላ ይወርዳል። ብቻውን የወረደውን ቀበሮ መንገድ ላይ ትጠብቀዋለች። ስለዚህ የጉባኤው ቃል ለትንንሾቹ የነፍስ ጉዳይ ነው።

የዚያን ዓመት እመት ጥንቸል አራት ልጆች ወልዳ ነበር፤ ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ። ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከፊት ተቀመጠች።

ቁራ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰማዩ ጠርቷል፤ ነፋሱም ከምሥራቅ ነው። ከዛሬ በአሥረኛው ቀን ሣሩን ነጭ የሚያደርግ ውርጭ ይወርዳል። ጨቅላ ያለው አይቆይ» አለ።

የአያ አንበሳ ፊት ጠቆረ። «ሁሉም ቆላ ከወረደ እኔ ማንን ላስተዳድር?» አለ። ማንን ልብላ ማለቱ ነው፤ ግን ሹም እንዲህ አይልም። «ትንበያው ለውይይት ይቅረብ!»

አያ ጅብ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ውርጭ የሚለው ቃል ሕዝብ ያሸብራል። ቀለል ያለ ቅዝቃዜ ቢባልስ?»

ጉሬዛ ካባውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ «እኔ በበኩሌ ብርድ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም» አለ። ካባ የደረበ ምኑን ያያል!

እንቁራሪት ለረግረጉ ሰፈር ትንሽ ካፊያ ይጨመርልን ብላ አመለከተች፤ ተፈቀደላት። እንሽላሊት ደግሞ ለድንጋዩ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ለመነች፤ እሷም አላፈረችም። ያን ቀን አየሩ እንደ ቅርጫ ሥጋ ለየሰፈሩ ተመደበ።

ጥንቸል ግን ጨነቃት። «ጌታዬ፣ እኔ የማይንቀሳቀሱ ልጆች አሉኝ። ውርጩ ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

«እሱንማ በድምፅ እንለየዋለን» አለ አንበሳ ፈገግ ብሎ። «ውርጭ ይምጣ የምትሉ?»

ማን እጁን ያነሣል! ውርጭ ምን ወዳጅ አለው።

«አይምጣ የምትሉ?»

ጫካው በሙሉ እጁን አነሣ። ቁራም ክንፉን አነሣ።

አጠገቡ የነበረችው እመት ቆቅ ጎሸም አደረገችው። «አንተ! አሁን በዚሁ አፍህ ይመጣል አላልክም?»

«ያየሁትን ተናገርኩ፤ የተወሰነውን ደግሞ አከብራለሁ» አላት።

ጥንቸልማ ሁለት እጇን አንሥታ፣ አጨብጭባ፣ ልቧ ረግቶ ወደ ልጆቿ ገባች።

ቆቅ ነገሩ አልጣማትም። ቁጥቋጦ ሥር አድፍጣ የየቤቱን ደጅ ስታይ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን የጅብ ሚስት አጥንት ስትጠቀልል አየች። በአምስተኛው ቀን ጉሬዛ ልጆቹን ቁልቁለት ሲያለማምድ አየች፤ «ነገ ማለዳ ነው» ሲላቸውም ሰማች። ወዲያው ጥንቸል ቤት ሮጠች።

«እታለም፣ ልጆችሽን በአፍሽ አንጠልጥይና እንሂድ። ነገ ማለዳ ሁሉም ይወጣል።»

«ማን ነው የሚወጣው? በሙሉ ድምፅ እኮ ነው የተሰረዘው! አያ ጅብ ራሱ እጁን ሲያነሣ አይቻለሁ።»

«እጁን አየሽ፤ እግሩን እይ እንጂ!»

«አንቺ ደግሞ ካላማሽ አይነጋልሽም። ጌታችን ምን ጎድሎበት ይዋሸናል?» ብላ መለሰቻት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጫካው በሙሉ ቁልቁለቱ ላይ ተገጣጠመ። ሁሉም ተደብቆ የወጣ ነው።

«አያ ጅብ፣ ወዴት ነው?» አለች ቆቅ ጫጩቶቿን አስከትላ።

«አክስቴ ሞታ ለቅሶ ልደርስ።» ከነሚስቱ፣ ከነአጥንቱ!

ጉሬዛ ጠበል ታዞልኝ ነው አለ። ቁራ ሠርግ ተጠርቼ አለ፤ በጾም ማን እንደሚደግስ እሱ ይወቀው። ከሁሉም ኋላ አያ አንበሳ ደቦሎቹን እየነዳ ብቅ አለ።

«የመስክ ጉብኝት ነው» አለ አንበሳ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቀበሮ ይህን ሁሉ ጉድ አይታ ከመንገዱ ዘወር አለች። ሳይመካከሩ በአንድነት ወረዱ።

በአሥረኛው ቀን ውርጩ ስብሰባ ሳይጠራ መጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውርጩ ሲያልፍ ለቀስተኛውም፣ ጠበልተኛውም፣ ሠርገኛውም ተመለሰ። ጥንቸል ጉድጓዷ ደጅ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ የጆሮዎቿ ጫፍ በብርድ ጠቁሯል። ቆቅ ልጆቹን በዓይኗ ፈለገቻቸው፤ አጣቻቸው። ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

አንበሳ የዚያኑ ዕለት ጉባኤ ጠራ። «ያልታሰበ አደጋ ደርሷል። ውርጩ የጉባኤውን ውሳኔ ለምን እንደጣሰ የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋም። የምትደግፉ?»

ሁሉም እጁን አነሣ። የጥንቸል ብቻ ጭኗ ላይ ቀረ።

«እመት ጥንቸል፣ ትቃወሚያለሽ?»

«ኧረ አልቃወምም፣ ጌታዬ» አለች። «እጄ አልነሣ ብሎኝ ነው። መሬቱ በውርጭ ድንጋይ ሆኖ፣ አራት ጉድጓድ ስቆፍርበት ቆሰለ።»